ጅቡን አይቶ የሚሄደውን እንግዳ በቪዲዮ ወደ ሙዚየም ማምጣት ይቻላል?

የጀጎል ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ሐረር ጀጎል ውስጥ በአንድ ሙዚየም አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ማታ ሥጋ በእንጨት ይዞ ጅብ ያበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጠዋት ወደ ድሬ ይሳፈራል። እኛ በር ላይ ቁጭ ብለን እንቀራለን።

አምና አንድ የቪዲዮ ድርጅት ቀጥረን ነበር። ድሮን አበረሩ፣ አምስቱን የጀጎል ግንብ በሮች ከላይ አሳዩ፣ ዋሽንት ለቀቁበት። ሐረር ላይ ዋሽንት! ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን መመዝገቡን ብቻ ሦስቴ ደጋገሙት። ላይኩ ጥሩ ነበር። ቪዲዮውን አይቼ መጣሁ ያለኝ ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም የአጎቴ ልጅ። ለነገሩ የእኛ ሙዚየም በር ቪዲዮው ላይ የለም።

አሁን በስልኬ ራሴ ልሞክር ነው። በጀት የሚባል ነገር የለም። ምን ላሳይ?

ስድስት ኪሎ፦
ወንድሜ፣ ከተማውን ተወውና አንድ ነገር ብቻ አሳይ። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ባለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ደጅ በየቀኑ አልፍ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን ጓደኛዬ ፊት ለፊቱ ያለውን የትም የማያደርስ ደረጃ አሳየኝ። «ጣልያን ነው የሠራው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 በፈረንጅ ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ደረጃ። አሁን አናቱ ላይ ማን እንደተቀመጠ እየው» አለኝ። የይሁዳ አንበሳ! ሳቄ መጣ። በዚያው ትኬት ቆርጬ ገባሁ። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም?

እመቤት ከበርሚንግሃም፦
እዚህ አጠገባችን ደድሊ ውስጥ ብላክ ካንትሪ ሊቪንግ ሙዚየም የሚባል አለ። በ2020 በፈረንጅ ቲክቶክ ጀመሩ። ድሮን የለ፣ ምን የለ። የ1940ዎቹን ልብስ የለበሰ ሰውዬ ካሜራውን እያየ ያወራል፣ በቃ። ልጄ «ካልወሰድሽኝ» ብላ አስጨነቀችኝ። ስንደርስ ሕንፃውን ማን አየው፣ ሰውዬውን ነው የፈለገችው። አንተም ራስህ ቁምና አውራ።

ደግሞ የምትከፍቱበትን ሰዓት ጻፍበት። ሐረር የመጣሁ ጊዜ አንድ ሙዚየም ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ዝግ ነው።

የጀጎል ልጅ፦
እህቴ፣ ይቅርታ። ምሳ ሰዓት ላይ መጥተሽ ይሆናል።

ስድስት ኪሎ፣ አለን እንጂ! የሐረሪ ባህላዊ ቤት ስትገባ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካየህ፣ እዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ፈረንጁም ሐበሻውም እዚህች ጋ ስደርስ ነው ስልኩን የሚያወጣው። ከጎን ደግሞ አዲስ ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ጠባብ ክፍል አለች።

እና ነገ ከደጅ ቆሜ «እዚህ ቤት የምትዳር ልጅ አለች። እንዴት አወቅኩ?» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ገብቼ ቀና ማለት ነው። መልሱን ልናገር ወይስ «መጥታችሁ እዩ» ልበል?

ስድስት ኪሎ፦
ተናገር እንጂ። መልስ የሚደብቅ ቪዲዮ ያናድደኛል፣ ወዲያው ነው የማልፈው። የሙሽሮቹ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ግን ቁረጠው።

እመቤት ከበርሚንግሃም፦
የምሳ ሰዓቱንም!