ልጅ ይዞ ወጥ መሥራት፦ የሕፃኑን ድርሻ ከቤተሰቡ ድስት እንዴት ልለይ?

የአሥር ወር እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 10 ወር ሞልቶታል፤ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ ይጎትታል። ቀን ሁለት ጊዜ ይተኛል፣ አንዱ እንቅልፍ ግን ከ40 ደቂቃ አያልፍም። ያለኝ ባለሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ እና ከላይ ትንሽ ፍሪዘር ያለው ፍሪጅ ነው። ለእኛ ቀይ ወጥ፣ ለእሱ አጥሚትና ድንች ለየብቻ ስሠራ ቀኑ ምድጃ ሥር ያልቃል። ከአንድ ድስት ለሁላችንም የሚሆንና በአንድ እንቅልፍ የሚደርስ አሠራር ያላችሁ ንገሩኝ። ቁሌት በብዛት ሠርቶ ማስቀመጥስ ይቻላል? ነጭ ሽሮ ስሠራለት ደግሞ ይጓጉልብኛል፣ አንዳንዴም ጥሬ ጥሬ ይላል። ምኑን ነው የማጠፋው?

ባለ ሰፊ ድስት፦
ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። የለመድነው ቁሌቱን አቁላልቶ ምስሩን እላዩ ላይ መጨመር ነው፤ በርበሬ ከገባ በኋላ ግን ለልጅ የሚወጣ ነገር የለም። ምስሩ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ይብሰል፣ የልጁ ይውጣ፣ የተረፈው ቁሌቱ ላይ ይገልበጥ።

ለሁለት ሰውና ለአንድ ሕፃን 1 ብርጭቆ ምስር ክክ (200 ግራም ያህል) ይበቃል። ውሃው እስኪጠራ እጠቢው፣ በ3 ብርጭቆ ውሃ ጣጂው። ሲፈላ አረፋውን ግፈፊ፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጊ። ግጥም አድርገሽ ከከደንሽው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ የልጁ እንቅልፍ በመፈግፈግ ያልቃል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ በጣትሽ ስትጫኚው የሚፈርስ ይሆናል። ያኔ ግማሽ ብርጭቆ ለልጁ አውጪ፣ በሹካ ደፍጥጪው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሪበት። ካሮት ወይም ድንች ከፈለግሽ በደቃቁ ከትፈሽ ከምስሩ ጋር አብረሽ ቀቅይው፤ ሌላ ድስት አያስፈልግም።

ቲማቲምና ሎሚ ምስሩ ሳይበስል እንዳይገቡ። ኮምጣጣ ነገር ክኩ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል፤ ብዙ ብታፈዪውም ጥርስ ሥር ይገኛል። ከበሰለ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ጠብታ ሎሚ በልጁ ሳህን ላይ ጥሩ ነው፣ የምስሩን አይረን ሰውነቱ እንዲወስደው ይረዳል። ቶሎ እንዲበስል ብለሽ ሶዳ አትጨምሪ። ክኩን ያሟሟዋል፣ እውነት ነው፤ ጣዕሙን ግን ሳሙና ሳሙና ያደርገዋል፣ ቫይታሚን ቢውንም ያጠፋል።

ወደ ቁሌቱ ስንመጣ፣ ይቻላል። ያለ በርበሬና ያለ ጨው ሥሪው፣ ለቀዩም ለአልጫውም ይሆናል። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፍ፤ ከተፋው ማታ አልቆ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ችግር የለውም። በብሌንደር አትፍጪው። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ምሬትም ያመጣል። ታቹ ወፍራም በሆነ ሰፊ ድስት ያለ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ አድርገሽ እያማሰልሽ 20 ደቂቃ ያህል አቆዪው። ውሃው ሲመጥና ማማሰያው ድስቱ ታች ላይ መንገድ ሲተው 300 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሪ። ከዚያ ሌላ 25 ወይም 30 ደቂቃ፣ ወርቃማ እስኪሆንና ዘይቱ በዳር በዳር ብቅ እስኪል። መያዝ ከጀመረ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊበት። 3 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይገባል፤ ቀድሞ ከገባ ያራል። ይሄ ሁሉ ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ በእንቅልፍ ሰዓት አትጀምሪው። ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ባለበት ቀን ይሁን።

ትሪ ላይ ዘርግተሽ አቀዝቅዢው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። እዚያ 4 ቀን ይቆያል፣ የተረፈው ፍሪዘር ውስጥ 2 ወይም 3 ወር። ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ቁሌት «ዘይት ስላለው አይበላሽም» ብሎ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ዘይቱ አየር ይከለክላል እንጂ አያድንም። ፍሪዘር ስታስገቢው በንጹሕ ላስቲክ አድርገሽ እንደ ቂጣ ጠፍጥፊው። ኳስ ሆኖ ከደረቀ በቢላም አይነሳም፣ የተጠፈጠፈው ግን የምትፈልጊው ያህል በእጅ ይሰበራል።

የዕለቱ ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ልጁ ሲተኛ ምስሩን ጣጂ። 10 ደቂቃ ቆይተሽ በሁለተኛው ምድጃ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቁሌት አሙቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በርበሬ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪ፣ በቀጭን እሳት ውሃ ጠብ እያደረግሽ 10 ደቂቃ አቁላዪው። በርበሬውን ደረቁን ትኩስ ዘይት ላይ ከበተንሽው ወዲያው ይጠቁራል፤ ያ ምሬት በምንም አይመለስምና ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። የልጁ ምስር ሲወጣ የቀረውን ቁሌቱ ላይ ገልብጪ፣ ጨው ያኔ፣ 5 ደቂቃ ይንተክተክ፣ መከለሻ ነስንሰሽ አውርጂ።

ነጭ ሽሮ፦
የሽሮው ጉዳይ ሁለት የተለያየ ጥፋት ነው።

የሚጓጉለው ዱቄቱ በአንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ላይ ሲወድቅ ነው። የእያንዳንዱ እንክብል ውጩ ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ዱቄት እንደያዘ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ብታማስዪም አይፈታም። 4 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ፣ በወንፊት አሳልፊ፣ እያማሰልሽ 1 ብርጭቆ ተኩል የፈላ ውሃ ላይ በቀስታ አፍስሺ። ከጓጎለ በኋላ መፍትሔው ወንፊት ብቻ ነው።

ጥሬ የሚለው ደግሞ ውፍረቱ ስለሚያታልል ነው። ሽሮ በ5 ደቂቃ ይወፍራል፣ ግን አልበሰለም። በቀጭን እሳት 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ሲወፍር ሙቅ ውሃ እየጨመርሽ። ሲበስል የዱቄት ሽታው ይጠፋል፣ ጧ ጧ ማለቱ ቀስ ይላል፣ ዘይት ካለበትም በዳሩ ይወጣል። ያ ጧ ጧ የሚለው ፍንጣሪ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው፤ ሽሮ ሲንተክተክ ልጅ እግር ሥር መሆን የለበትም።

«ነጭ ሽሮ» ተብሎ የሚሸጠውም ጨው የገባበት ይኖራል። ከመግዛትሽ በፊት ቆንጥረሽ ቅመሺው። ከዓመት በታች ያለ ልጅ የቀን የጨው መጠኑ ከ1 ግራም በታች ነው፤ ያ ደግሞ ከወተቱና ከምግቡ ራሱ ስለሚያገኘው እንዲያው አትጨምሪለት።

እጅሽ ነፃ እንዲሆን አንቀልባ ላይ አዝለሽው ሥሪ፣ አብዛኛው እናት የሚያደርገው እሱን ነው።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦
ነጭ ሽሮ፣ አንቺ ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፣ ከመጨረሻው በቀር። አንቀልባ ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ምስር ለመልቀም፣ ዕቃ ለማጠብ ይሁን። የሚፈላ ነገርና ትኩስ ዘይት ጋ አይሆንም። የ10 ወር ልጅ በትከሻሽ ላይ እጁን ዘርግቶ የጭልፋ እጀታ ይይዛል፣ ጎንበስ ስትዪም እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ነው። በደረት ማዘል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

መሬት ላይ ሲሆን የድስቱን እጀታ ወደ ግድግዳ አዙሪ፣ በኋለኛው ምድጃ ሥሪ፣ የጠረጴዛ ልብስ አንሺ። ምግብ ቤቱ በር ከሌለው አንድ ወንበር አጋድሞ መዝጋት ይበቃል። ከወጡ ድስት ይልቅ ደግሞ እኔን የሚያሳስበኝ ቡናው ነው፤ ጀበናውና ረከቦቱ የሚቀመጡት ልክ በሚድህ ልጅ ዓይን ትይዩ ነው። ከተቃጠለ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በረዶ ግን አይሁን። ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና ምንም አይቀባም። ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ በዚህ ዕድሜ ሁሉም ሐኪም ይየው።

የምግቡን ውፍረት በማንኪያ ለኪው። ማንኪያውን ስታጋድዪው የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። በጡጦ የሚሰጥ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ግን የለውም፤ «ይበላል ግን አይከብድም» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠጣው እሱን ነው። በ10 ወር ከጡቱ ሌላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሳህን ግማሽ ያህል። ዓመት ሲሞላው ወደ ሦስት አራተኛ ይደርሳል።

ስለ ምጥንም ልበል። አሥር አሥራ ሁለት ዓይነት እህል ማስፈጨት ሕፃኑን የተለየ አይጠቅመውም። አንዱ ካልተስማማው የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ገብስ ወይም አጃ ከአንድ ጥራጥሬ ጋር በቂ ነው። ለውዝ የምታስገቢ ከሆነ ፍሬ በፍሬ ልቀሚው፤ የጠቆረና የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል፣ መቁላትም ማፍላትም አያጠፋውም። ሙሉ ለውዝ፣ ቆሎና ፈንዲሻ እስከ 4 ዓመት አይሰጥ፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋል። ማር ከ12 ወር በፊት አጥሚት ውስጥም ቢሆን አይገባም።

የአሥር ወር እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቅደም ተከተሉ ነገር ብቻ ግማሹን ችግር ፈታው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ምስሩ ተጥዶ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ጾም ሲሆንስ የልጁን እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጋቢ ለባሽ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦
አንድ ጊዜ በደንብ ከፈላ መብራቱ ቢጠፋም ይበስላል። ምስሩ 10 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ግጠሚ፣ ድስቱን አውርደሽ በጋዜጣ፣ ከዚያ በጋቢ ጠቅልይው፣ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ ልጁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለስልሶ ታገኚዋለሽ። የአተር ክክ ቀድሞ ሁለት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ 20 ደቂቃ ፈልቶ፣ ተጠቅልሎ ሁለት ሰዓት። ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሙሉ ይሁን፤ ትልቅ ድስት ውስጥ ያለ ትንሽ ምስር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሳይበላ በፊት መብራት ሲመጣ ወይም በቡታ ጋዝ እንደገና ይፍላ። መብራት ባይጠፋም እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፣ እሳት የሚነድበት ጊዜ በግማሽ ያጥራልና።

ከውጭ አገር የምታነቡትን ሰዓት አትመኑት። እዚህ ውሃ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች 92 አካባቢ ነው። የኛ 15 ደቂቃ ምስር ለእናንተ 25 የሚሆነው ለዚህ ነው። በግፊት የሚያበስለው ድስት ካለሽ ክክን በ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ለእናንተ ከፍታ ሩብ ያህል ጨምሪ። ጥራጥሬ ሲሆን ግን ከግማሽ በላይ አትሙዪው፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል።

ፍሪጁን ካልከፈትሽው 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ ትልቅ ፍሪዘር ሁለት ቀን ይቆያል ይባላል፤ የአንቺ ትንሹ ግን እንደዚያ አይታመንም። ቁሌቱ ውስጥ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለበት መልሰሽ ማስገባት ትችያለሽ፣ ቀልጦ ሞቅ ካለ ይደፋ።

ባለ ሰፊ ድስት፦
ለጾሙ ድስቱ እንዳለ የጾም ይሁን፣ ለውጡ ሳህኑ ላይ ነው። የልጁ ድርሻ ሲወጣ 12 ደቂቃ የተቀቀለ እንቁላል ግማሹን፣ አስኳሉ የደረቀውን፣ ድፍጥጥ አድርገሽ እዚያው ቀላቅዪለት፤ ወይም ቅቤ። እንቁላል ገና ካልጀመረ በትንሹ፣ ጠዋት ይሁን፣ ቀኑን እያየሽው እንድትውዪ። የእሱ ማንኪያ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቂ፣ ለጾሙም ለንጽሕናውም። ከሳህኑ የተረፈውም ለቀጣዩ አይቀመጥም፤ ምራቅ ነክቶታልና ይደፋል። ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆውን በአንድ ጊዜ አታቅርቢለት፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ እያወጣሽ ጨምሪለት።