ዳፎዲልን በአበባ ቅጠሉ ቅርጽ መለየት ይቻላል?

ጠያቂ
ስማቸው ያልተጻፈባቸው ሦስት ዓይነት ዳፎዲሎች (መሐላቸው ላይ ጽዋ መሰል ክፍል ያላቸው አበቦች) አሉኝ። የአንደኛው የአበባ ቅጠሎች ነፋስ ከፊት እንደመታቸው ሁሉ ወደ ኋላ ተቀልብሰዋል። የሁለተኛው ቅጠሎች ነጭና ዝርግ ሲሆኑ፣ መሐላቸው ላይ ጠርዟ ቀይ የሆነ ትንሽ ጽዋ አለች። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። በቅርጻቸው ብቻ የየዝርያቸውን ስም ማወቅ ይቻላል?

መልስ 1
ቅርጹ ክፍሉን እንጂ ስሙን አይነግርዎትም። በእንግሊዝ የሚገኘው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ዳፎዲሎችን በ13 ክፍሎች የመደባቸው ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች የሚለዩት የጽዋው ርዝመት ከአበባው ቅጠል ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ነው። ጽዋው ቅጠሉን ካከለ ወይም ከበለጠ ክፍል 1፣ ከቅጠሉ ሲሶ በልጦ ሙሉ ርዝመቱን ካልደረሰ ክፍል 2፣ ከሲሶ ካልበለጠ ክፍል 3 ይባላል። ስለዚህ ቢጫውን በማስመሪያ ይለኩት፤ ገና በመከፈት ላይ ያለ አበባ ግን ስለሚያሳስት ሙሉ በሙሉ እስኪፈካ ይጠብቁ። ነጩ የክፍል 9፣ ማለትም የፖኤቲከስ ወገን ይመስለኛል። ጽዋው ጠፍጣፋ፣ መሐሉ አረንጓዴ ወይም ቢጫ፣ ሽታውም መልካም ከሆነ ግምቴ ይጠናከራል።

መልስ 2
ወደ ኋላ ስለተቀለበሰው አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ አገዳ ላይ ስንት አበባ እንዳለ ይቁጠሩ። አንድ ብቻ ሆኖ፣ አንገቱ (አበባውን ከአገዳው ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ) እጅግ አጭር ከሆነና አበባው ወደ አገዳው አጎንብሶ ከቆመ ክፍል 6 ነው፤ ፌብሩዋሪ ጎልድና ጄትፋየር የሚባሉት ዝርያዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለትና ከዚያ በላይ አበቦች ቁልቁል ከተንጠለጠሉ ግን እንደ ታሊያ ያሉትን የያዘው ክፍል 5 ይሆናል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። የተቀለበሰው በአንድ አገዳ አንድ አበባ ብቻ ነው ያለው፤ አንገቱም የለም ለማለት ይቻላል። የቢጫው ቅጠል 4 ሴንቲ ሜትር፣ ጽዋው 3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጎረቤቴ ግን «ይህ ኪንግ አልፍሬድ ነው» ብሎ ይከራከረኛል።

መልስ 1
ትልቅ ቢጫ ዳፎዲል ሁሉ በዚያ ስም ሲጠራ መስማት የተለመደ ነው፤ ኪንግ አልፍሬድ ግን ረጅም ጽዋ ያለው የክፍል 1 አበባ ነው። የእርስዎ በልኬቱ ክፍል 2 ነው። ካርልተን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በዚሁ ክፍል ውስጥ ቅጠላቸውም ጽዋቸውም ቢጫ የሆኑ ዝርያዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ እኔ ብሆን መለያው ላይ «ክፍል 2፣ ቢጫ በቢጫ» ብቻ እጽፍ ነበር። በአጻጻፉ የቅጠሉ ቀለም ይቀድማል፣ የጽዋው ይከተላል።