በፍልሰታ ልጆችና እናቴን ይዤ አዲስ አበባ፦ የት እንሂድ? የት እንብላ?

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ እንመጣለን። ማረፊያችን አራት ኪሎ ዘመድ ቤት ነው። ልጆቼ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብራን አለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትራመድም። ፍልሰታን ልጆቹም እንጾማለን ብለዋል። ከመሀል ከተማ ሳንርቅ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ምን እናሳያቸው? ምግቡስ?

የፒያሳ ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ እህቴ። በነሐሴ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ደጅ ደጁን በጠዋት ጨርሱ፣ ሙዚየሙን ለከሰዓት አቆዩት። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ብቻውን አንድ ቀን ይፈጃል። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽ አለች። 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ለእይታ የቀረበው ግን ቅጂው ነው። ትንሽዬ ስለሆነች ልጆቹ «ይቺ ናት እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም።

ከዚያ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግቡ። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ አሁን ሙዚየም ነው፤ መኝታ ቤታቸው ሳይቀር ይታያል። ፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው ነው፤ አንዱ እርከን አንድ የፋሺስት ዘመን ዓመት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ትልቁ ልጅሽ ታሪኩን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

እናት ነኝ፦
አንድነት ፓርክን እንዳትዘሉ! ጥቁር ጎፈር አንበሳ አለ፣ የምኒልክ ግብር አዳራሽ አለ። መታወቂያ ያዙ፣ ፍተሻ ስላለ በጠዋት ድረሱ።

የፒያሳ ልጅ፦
በዚያ ጉልበት? ግቢው እኮ ሰፊ ነው። እናትሽን ይዘሽ ከሆነ እኔ አልመክርም።

የሥላሴ ጎረቤት፦
መፍትሔ አለው። በፍልሰታ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ከእኩለ ቀን እስከ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እናትሽ ሥላሴ ካቴድራል ያስቀድሱ፤ የጃንሆይም መቃብር እዚያው ነው። እናንተ በዚያ ሰዓት ሙዚየሙን ዙሩ። ፓርኩን ደግሞ እሳቸው ቤት ሲያርፉ፣ በጠዋት። ግን ምሳውን አስቢበት፦ እሳቸው ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀምሱም፣ ትንሿ ልጅ እስከዚያ አትችልም። ለልጆቹ በቦርሳ ቆሎና ሙዝ ያዢ።

እናት ነኝ፦
ምግብ አታስቢ፣ በፍልሰታ ሁሉም ቤት በያይነቱና ተጋቢኖ አለው። ለየት ያለ ከፈለግሽ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፣ የጾም ቡፌውም የታወቀ ነው። ከመሄድሽ በፊት ሰዓቱን ደውለሽ ጠይቂ። ኬክ ቤቶችም የጾም ኬክ ያወጣሉ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ ባንጀምረው ይሻላል።

የፒያሳ ልጅ፦
ፒያሳ ከደረሳችሁ በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ነው። ዝናብ ቢመጣም ውስጡ ብዙ የሚታይ አለ።

የደሴዋ፦
ተባረኩ! የቅዳሴውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። እናቴ ግን ቶሞካ ቡና ካልጠጣሁ ትላለች። መቀመጫ አለው?

የፒያሳ ልጅ፦
የፒያሳው ቆመው የሚጠጡበት ነው። ቡናውን ገዝታችሁ ዘመድ ቤት አፍሉላቸው፣ ጀበና አይጠፋም።