ልማድን ለመለወጥ የድምፅ ትምህርት ወይስ መጽሐፍ? የትኛውን ለምን?

ራስን ስለመምራትና ጊዜን በአግባቡ ስለመጠቀም የሚያስተምሩ ሥራዎችን ለዓመታት ሳነብና ሳዳምጥ ከቆየሁ በኋላ፣ ለጀማሪ የምሰጠው ምክር በጆሮ ብቻ የሚገባውንና ወረቀትና እርሳስ ካልተያዘ የማይገባውን አስቀድሞ እንዲለይ ነው።

በማዳመጥ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቀረጸውን የኧርል ናይቲንጌልን «ዘ ስትሬንጀስት ሲክሬት» የተባለ ንግግር እጠቁማለሁ። ሲዘጋጅም ለጆሮ ታስቦ ስለሆነ አያደክምም፤ ርዝመቱም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አድማጩ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን ነገር በካርድ ላይ ጽፎ ለ30 ቀናት ከእጁ ሳይለየው ደጋግሞ እንዲያየው ያዝዛል። መንፈስን በማነሣሣት ረገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ነገ ጠዋት ሥራውን ከየት መጀመር እንደሚገባ ግን አያሳይም።

በ1989 የታተመው የስቲቨን ኮቪ የሰባቱ ልማዶች መጽሐፍ ይህን ክፍተት ይሞላል። በሦስተኛው ልማድ ሥር ሥራዎችን በአስፈላጊነታቸውና በአስቸኳይነታቸው በአራት የሚከፍል ሠንጠረዥ አለ። እኔ ይህን ክፍል በእግር እየሄድኩ አራት ጊዜ አዳምጬ በእያንዳንዱ ጊዜ የገባኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን በደብተሬ ላይ ሁለት መስመር አቋርጬ የሳምንቱን ሥራዬን ስደለድል፣ አብዛኛው «አስቸኳይ ነገር ግን አስፈላጊ ያልሆነ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ተከማችቶ፣ አስፈላጊ ሆኖ በማያስቸኩለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ለወራት ያዘገየሁት የሕክምና ምርመራ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ስለዚህ ኮቪን የሚያዳምጥ ሰው የታተመውን ቅጂም አብሮ ቢይዝ በብርቱ እመክራለሁ።

የጄምስ ክሊር «አቶሚክ ሃቢትስ» (2018) በሁለቱም መንገድ ይሠራል። የድምፅ ቅጂውን ደራሲው ራሱ አንብቦታል፤ ምዕራፎቹም አጫጭር ናቸው። አዲሱን ልማድ ከነባሩ ጋር ማያያዝና አጀማመሩን ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ ማድረግ የሚሉት ምክሮቹ መንገድ ላይ ተሰምተው ቤት ሲደርሱ ሊሞከሩ የሚችሉ ናቸው። የዴቪድ አለን «ጌቲንግ ቲንግስ ደን» (2001) ግን እየተመለሱ የሚያዩት የአሠራር መመሪያ ስለሆነ በወረቀት ብቻ ይያዝ።

ልማድ በ21 ቀን እንደሚጸና ቃል የሚገቡ ፕሮግራሞችን በጥንቃቄ እንድታዩአቸው እለምናለሁ። ቁጥሩ በ1960 ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሕመምተኞቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ 21 ቀን እንደሚፈጅባቸው ከጻፈው የመጣ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በ96 ፈቃደኞች ላይ ተካሂዶ በ2010 የታተመው የፊሊፓ ላሊና የባልደረቦቿ ጥናት ግን ጊዜው ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይና መካከለኛው 66 ቀን መሆኑን አሳይቷል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል እንዳላደናቀፈም ተገኝቷል፤ በአራተኛው ቀን ተሰናክሎ ሁሉንም ለሚተው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የድምፅ ቅጂ ሲገዙ ሙሉው ወይም ያጠረው መሆኑን ያጣሩ፤ ያጠረው ብዙውን ጊዜ መልመጃውን ቆርጦ ታሪኩን ብቻ ያስቀራል። አንድ ምዕራፍ እንዳበቃ ድምፁን አቁመው የሰሙትን ከትዝታ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ መጻፍ ካቃተዎት ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ሳይሻገሩ ያንኑ ደግመው ያዳምጡ።