ሌሜይ ቢ-29ን ቶኪዮ ላይ ለምን ዝቅ አድርጎ አስገባው?

መምህር ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎች ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ አሜሪካዊው ከርቲስ ሌሜይ ሁለት ነገር አልጨበጥ አለኝ። በ1942 ኮሎኔል የነበረ ሰው በ1944 እንዴት ሜጀር ጀኔራል ሆነ? ቢ-29 ደግሞ ከፍ ብሎ እንዲበር የተሠራ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው፤ ለምን ዝቅ አደረገው? “ደፋር ስለነበረ” የሚለው መልስ አያጠግበኝም። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ይሁኑልኝ።)

ጣርማበር
ማዕረጉን ያመጣለት የአውሮፓው ሥራ ነው። 305ኛውን የቦምብ ጣይ ቡድን ይዞ እንግሊዝ ሲገባ፣ አብራሪዎች ጸረ-አውሮፕላን መድፉን ሽሽት ኢላማው ላይ ሲደርሱ ግራ ቀኝ ይሉ ነበር። ኖርደን የተባለው የቦምብ ማነጣጠሪያ ግን ፍጥነቱና ከፍታው ካልረጋለት ማስላት አይችልም፤ ቦምቡ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ሌሜይ የመድፍ ትምህርት ስለነበረው አስልቶ፣ ቀጥ ብሎ መብረር የተፈራውን ያህል እንደማያስመታ አየ። ኖቬምበር 23 ቀን 1942 ፈረንሳይ ውስጥ ሴንት ናዜር ላይ ራሱ ከፊት ሆኖ ቡድኑን ሳይጠማዘዝ አስገባው።

ሁለተኛው አሰላለፉ ነው፤ የቡድኑ ቦምብ ጣዮች፣ ቢ-17ቶቹ፣ በከፍታም በጎንም ፈቀቅ ፈቀቅ ብለው ተደራረቡ፣ የአንዱ መትረየስ ሌላውን እንዲሸፍን። ከመሐላቸው ወደ ኋላ የቀረውን ግን የጀርመን ተዋጊ ይለቅመዋል። ኦገስት 17 ቀን 1943 የጀርመኗን ሬገንስበርግ ለመደብደብ የተነሡትን 146 አውሮፕላኖች መርቶ ሰሜን አፍሪካ አረፈ፤ 24ቱ አልተመለሱም። በቀጣዩ ወር ብርጋዴር ጀኔራል፣ በማርች 1944 በ37 ዓመቱ ሜጀር ጀኔራል ሆነ።

የአንኮበር ልጅ
ስለ ከፍታው እኔ ልቀጥል። በጃንዋሪ 1945 የቀድሞውን አዛዥ ሃንሰልን ተክቶ ፓሲፊክ ውስጥ ማሪያና ደሴቶች ላይ የነበረውን የቢ-29 ጦር ሲረከብ፣ ቢ-29ዎቹ ከ9,000 ሜትር ገደማ እየጣሉ ብዙም አይመቱም ነበር። ጃፓን ሰማይ ላይ በዚያ ከፍታ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የተባለ ኃይለኛ ነፋስ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከኋላ ሲገፋ ማነጣጠሪያው አይደርስበትም፤ ከፊት ሲመጣ አውሮፕላኑ መድፍ አፍ ላይ የቆመ ያህል ይንቀረፈፋል። ደመናውም አለ። ሞተሩ፣ ራይት 3350፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ያን ያህል ሲወጣ ይግልና በእሳት ይያያዛል፤ አካሉ ውስጥ ማግኒዥየም ስላለ ከተያያዘ ማጥፋት ጭንቅ ነው።

ስለዚህ ማርች 9 ለ10 አጥቢያ፣ በሌሊት፣ ከ1,500 እስከ 2,700 ሜትር ይግቡ አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት እኮ! ከእኛ ከተማ ዝቅ ብለው ነው የገቡት። አሰላለፉ ቀረ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው በረረ። ከጅራቱ በቀር መትረየሱና ጥይቱ ወረደ። ላይ መውጣት ስለሌለ ነዳጅም ተረፈ፤ የተረፈው ክብደት ሁሉ ለቦምብ ሆነ፣ ለአንዱ በአማካይ 6 ቶን። አንዱ ጥቅል ኤም-69 የተባሉ 38 ትናንሽ ተቀጣጣይ ቦምቦች ይይዛል፤ ከመሬት 600 ወይም 700 ሜትር ሲቀረው ይበተንና ቦምቦቹ ናፓልሙን፣ ማለት ተጣብቆ የሚነደውን ዝልግልግ ነዳጅ፣ ይተፋሉ። ቀድመው የገቡት በእሳት መስቀለኛ ምልክት አደረጉ፣ የተከተሉት በዚያ ላይ ጣሉ።

ስሌቱ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነበር፤ ጃፓን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ብዙም የላትም፣ መድፎቿም ለዚህ ከፍታ አልተዘጋጁም። ግምቱ ሠራለት። ከ279ኙ የጠፉት 14 ናቸው፣ የተቃጠለው ከተማ ወደ 41 ካሬ ኪሎ ሜትር።

ሞላሌ
ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ጥሩ አድርጋችሁ አስረድታችኋል፤ ግን መምህር፣ ያ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ የሟቹም ቁጥር አብሮ ይውጣ፤ በዚያ ሌሊት ወደ 100,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ አብዛኛው ሲቪል ነው። ሠፈሩ የተመረጠውም ቤቶቹ የእንጨትና የወረቀት ስለሆኑ ነው። “ማነጣጠር ተሻሻለ” ብሎ ማስተማር እዚህ ላይ አይሠራም፣ የተተወው ማነጣጠሩ ራሱ ነውና።

ሦስት ማሳሰቢያ፦ ቶኪዮ ላይ ሌሜይ አልበረረም፣ በአየር ላይ የመራው ቶማስ ፓወር ነው። ቀጥሎም ናጎያ፣ ኦሳካና ኮቤ በአሥር ቀን ውስጥ ተመቱና ዘመቻው ቆመ፤ ያቆመው የተቀጣጣይ ቦምብ ክምችት ማለቁ ነው። “የአየር ኃይል ጀኔራል” የሚለውንም ከሴፕቴምበር 1947 ወዲህ ላለው ዘመኑ ያቆዩት፤ እስከዚያ ድረስ አየር ኃይሉ በምድር ጦሩ ሥር ነበር።