ስኳር ላለበት ሰው የጉበት ክትባት፦ ጅማ ላይ የት ይሻላል?

እናትሽ ስኳር ስላለባቸው የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ክትባት ከመውሰዳቸው በፊት «የመከላከል አቅማቸውን ላስለካ ወይ?» ላልሽው እህቴ። እኛም ቤት ይኸው ጥያቄ ነበር። ልጆች ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በፔንታቫለንት (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት) ውስጥ ያገኙታል፤ እናቶቻችን ግን አልደረሰባቸውም።

የአቅም ምርመራውን አታስቀድሚ። መጀመሪያ ቫይረሱ ደማቸው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ላብራቶሪ ስትሄጂ «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ» በይ። ፈጣኑ ምርመራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ካለባቸው ክትባቱ አያድናቸውም፤ ክትትል ይጀምሩ። ከሌለባቸው ይከተቡ። ድሮ ይዟቸው ለቋቸው ከሆነም ክትባቱ አይጎዳቸውም።

የግል ላብራቶሪ ወረፋው አጭር ነው፤ ለዚህች ምርመራ ይበቃል። ለሐኪም ምክር ግን እኔ የምመርጠው የስኳር ክትትላቸው ያለበትን ቦታ ነው። እማዬ ካርዷ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። በጠዋት ካልሄድሽ ቀኑ ያልቃል፣ እውነት ነው። ግን ሐኪሟ የኩላሊቷንም ውጤት አብሮ አየላት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው የክትባቱ መጠን ይጨመርለታል።

የክትባቱ ግዢ ላይ ተጠንቀቂ። አንድ ፋርማሲ ብልቃጧን በፌስታል ጠቅልሎ «ባጃጅ ያዢና ቶሎ ድረሺ» አለኝ። እኩለ ቀን ላይ! መልሼለት ወጣሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። በረዶ ከሆነም ይበላሻል፤ ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። በመጨረሻ የተከተበችበት ክሊኒክ ነርሷ ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አሳየችን፤ 5 ይላል። ብልቃጧ ላይ ያለውን ቀንም አስነበበችን። እንዲህ የሚያሳይሽ ቦታ ፈልጊ፤ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር። ሦስተኛዋ ናት የምትረሳው። እኛ ቀኗን ጽፈን ከቡና ረከቦቱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍናት።

የአቅም ምርመራው ቦታው እዚህ ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ውስጥ። ዕድሜና ስኳር ሲደራረቡ ሰውነት ለክትባቱ በቂ መልስ ላይሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ስታስለኪ ውጤቱን በቁጥር የሚሰጥ ላብራቶሪ ይሁን። 10 mIU/mL (ላብራቶሪው የሚጠቀምበት መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እማዬ ቡና ላይ የጎረቤቶቿን ስኳር በራሷ መለኪያ ትለካ ነበር፣ በአንድ መውጊያ። ቫይረሱ በደም ስለሚተላለፍ አስቁመናታል። የእናትሽም መለኪያና መውጊያ የራሳቸው ብቻ ይሁን።