ካርቦን ፋይበር ሲሳብ እንደዛ ጠንካራ ሆኖ ሲጫን ለምን ቶሎ ይሰበራል?

አዳማዋ_ሜካኒካል፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ አዳማ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ድሮን እየሰራን ነው፣ የማረፊያ እግሮቹን ከካርቦን ጨርቅና ከኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) በእጃችን ነው የሰራናቸው። ፋይበሩ (የካርቦኑ ክር) ቲ700 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ዳታሺቱ (የአምራቹ መረጃ ወረቀት) ጥንካሬው 4900 ሜጋፓስካል ይላል እኔም በዛ አሰላሁ፣ ግን ከላይ ክብደት ስንጭንበት ካሰብነው ግማሽ እንኳን ሳይደርስ ቋ ብሎ ተሰበረ። ፋይበሩ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?

ሬዚን_ቀቢው፦
አይመስለኝም እህቴ። 4900 ማለት እኮ ክሩ ብቻውን ሲሳብ ነው። የአምራቹን የቶራይን ዳታሺት ወረድ ብለሽ እይው፣ 60 ፐርሰንት ፋይበር ያለው ኮምፖዚት (ክሩና ኢፖክሲው አብረው የደረቁበት) ሲሳብ 2550፣ ሲጫን ግን 1470 ነው የሚለው፣ እሱም ክሮቹ በሙሉ ባንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ሲሰራ። አንድ ስንደዶ ያዢና ሳቢው፣ በቀላሉ አይበጠስም፣ ጫፍና ጫፉን ገፋ ስታደርጊው ግን ወዲያው ይጎብጣል፣ እፍኝ ሙሉ አድርገሽ ጥብቅ አርገሽ ካሰርሽው ነው የሚቆመው። የካርቦኑ ክር ውፍረቱ 7 ማይክሮን ነው፣ እንዳይጎብጥ ከጎን ደግፎ የሚይዘው ኢፖክሲው ነው፣ ስለዚህ ሲጫን የሬዚኑ (የኢፖክሲው) ነገር ወሳኝ ነው።

ቀጥ_ያለ_ክር፦
ትክክል፣ ግን ዋናው ጨርቁ ይመስለኛል። ጨርቅ ውስጥ ክሩ አንዱ ካንዱ ላይና ታች እያለ ስለሚሄድ ከመጀመሪያውም ጎብጧል። አርጎን የሚባል ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ሂሳብ አለ፣ የሬዚኑን የሸር ጥንካሬ (ጎን ለጎን መንሸራተትን የሚቋቋምበትን) ክሩ ለተዛባበት አንግል ማካፈል ነው፣ አንግሉ ግን በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ተለክቶ። ሬዚኑ 60 ሜጋፓስካል ቢሆንና ክሩ 3 ዲግሪ ያህል ቢዛባ 1150 አካባቢ ታገኛለሽ፣ 6 ዲግሪ ከሆነ ግማሹን። ውስጡ የቀረ የአየር አረፋ ካለ ደግሞ ይብሳል። ለመሆኑ ስብራቱ ምን ይመስላል? ቀጭንና ረጅም ከሆነ መጀመሪያ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ያ የቁመት ጉዳይ ነው፣ ቁመቱን በግማሽ ብታሳጥሪው የሚችለው ጭነት 4 እጥፍ ይሆናል።

አዳማዋ_ሜካኒካል፦
አልጎበጠም፣ አጭር ነው። ባንድ በኩል ሰያፍ መስመር ወጥቶበት እዛው ላይ ታጠፈ። የሞከርነው ውጪ ፀሐይ ላይ ነበር፣ ችግር አለው?

ሬዚን_ቀቢው፦
በጣም እንጂ! ሰያፏ መስመር ክሮቹ አብረው የታጠፉባት ናት፣ ኪንክ ባንድ ይሏታል። ያለ ኦቨን የደረቀ ኢፖክሲ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ነገር ደግሞ በአዳማ ፀሐይ እዛ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ባንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ፋይበር ወጠር አድርገሽ ዘርጊ፣ በቫኪዩም አየሩን አውጪ፣ ከደረቀ በኋላ የሬዚኑ አምራች በሚለው ሙቀት ኦቨን ውስጥ አቆዪው፣ ስሌቱን ደግሞ ከ1470ም ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ።

አዳማዋ_ሜካኒካል፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ 3 ናሙና ሰርተን አንዱን ጥላ አንዱን ፀሐይ ላይ እንሞክራለን፣ ሶስተኛውን ኦቨን ካስገባነው በኋላ። ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ።